ሐረጎን የወጣው ችግኝ

ነገሩ የሆነው ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው አቅጣጫ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው። ሐምሌ ላይ ከኮምቦልቻ አንድ አይሱዙ ሙሉ ችግኝ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣ፦ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፖም፣ ለጥላ ግራቪሊያና ጃካራንዳ፣ ለአጥሩ ቡጋንቪሊያ። ክረምቱን ሁሉም ለመለመ። መስከረም መጨረሻ ላይ «ይበልጥ ይፋፋ» ተብሎ ዩሪያ ተጨመረለት። ኅዳር ሲጋመስ አንድ ደመና የሌለበት ሌሊት መጣ፤ ጠዋት ማንጎው በሙሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ተገኘ። ከአቮካዶው ሁለቱ የታችኛው ረድፎች ጠቆሩ፣ የጃካራንዳው ጫፍ ሁሉ ረገፈ።

ሪፖርቱ «ደሴ ብርድ ነው፣ አቮካዶ አይሆንም» ተብሎ ሊዘጋ ነበር። ይህን ያስቆመው የላይኛው ረድፍ ነው። ዝርያው ያው፣ የተተከለበት ቀን ያው፣ ግን ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። አትክልተኛው ዘበኛውን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ታች ብቻ ምን ነካው?»

«ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ሁልጊዜም ግንቡ ሥር ነው። ላይ ላዩ እኮ ጤዛ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሲተከል ምነው ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዘበኛው ያሉት ትክክል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። የግቢው የታችኛው የድንጋይ ግንብ ከመሬት ጀምሮ ድፍን ስለሆነ የወረደውን አየር ገድቦ ያቆመዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ቢባል ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ነው። የዚያች ሌሊት ጉዳት ግን ከከፍታው ይልቅ የግንቡ ነው። የአየር ትንበያውም ብዙ አይረዳም፤ የጣቢያው ቴርሞሜትር ከመሬት ከፍ ብሎ በሳጥን ጥላ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱ 3 ዲግሪ ቢያነብ ሣሩ ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመትከል በፊት ባለው ኅዳርና ታኅሣሥ ርካሽ ቴርሞሜትሮችን በችግኝ ቁመት፣ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ፣ በግቢው ሦስት አራት ቦታ ሰቅሎ ጎህ ሲቀድ ማንበብ ነው። ይህ ካልተቻለ ዘበኛውን መጠየቅ።

ሁለተኛው ጥፋት ዩሪያው ነው። በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ለጋ ቀምበጥ ያስወጣል፤ ለጋው ውሃ የሞላበት ስለሆነ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ውርጭ ባለበት አገር ዩሪያ ከነሐሴ ወዲህ አይሰጥም። ሦስተኛው ደግሞ ችግኙ ኮምቦልቻ ሞቃት አየር ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ በየቀኑ እየጠጣ ያደገ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ችግኝ ደሴ እንደደረሰ አይተከልም፤ ከነላስቲኩ ሦስት አራት ሳምንት ውጭ ይቀመጣል፣ ጥላው ቀስ በቀስ ይነሳለታል፣ ውሃው ይቀነሳል።

ከውርጩ ማግሥት የተሰጠው ትእዛዝ «የጠቆረውን ቁረጡ» የሚል ነበር፤ ደግነቱ መቀስ እስኪገኝ ዘገየ። የጠቆረው ቅጠል ሥሩ ላሉት ቀምበጦች ልብስ ነው፤ አሁን ከተቆረጠ ቀጣዩ ውርጭ ወደ ግንዱ ይገባል። ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ቅርፊቱን ከጫፍ ወደ ታች በጥፍር ጫር ጫር ማድረግ ይበቃል፤ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ የለም። መቁረጡ ለየካቲት መጨረሻ ይቆያል። በተዳቀለ አቮካዶ (የተፈለገው ዝርያ በሌላ አቮካዶ መሠረት ላይ በተቀጠለበት ችግኝ) ላይ ግን አንድ ነገር መታየት አለበት፦ አዲሱ ቀምበጥ የወጣው ከተዳቀለበት ጠባሳ በላይ ነው ወይስ በታች? ከበታች ከሆነ ያ የተፈለገው ዝርያ አይደለም፤ ዳግመኛ ይዳቀላል ወይም ይነቀላል። ከታችኛው ረድፍ የተረፉት አብዛኞቹ ከበታች ያቆጠቆጡ ነበሩ።

ማንጎውን ማንም አልመለሰውም። ማንጎ ለኮምቦልቻ ነው፣ ደሴ ላይ ክርክር አያስፈልገውም። አቮካዶ ላይ ግን ዝርያ ይለያል፦ ሃስ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ ሲጎዳ ቤከን ከዚያ ጠለቅ ያለ ብርድ ይችላል፤ ችግኝ ሳለ ግን ሁለቱም ደካማ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአራት እንጨት ላይ ጆንያ ማልበስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጆንያውን ግንዱ ላይ ጠምጥሞ ያስራል። ሙቀቱ የሚመጣው ከመሬት እንጂ ከግንዱ ስላልሆነ ልብሱ እንደ ድንኳን ሰፍቶ መሬት መንካት አለበት፣ ጠዋት ይገለጣል፣ ላስቲክ ከሆነም ቅጠሉን አይንካ። ጉዝጓዙም በውርጭ ወራት ከችግኙ ዙሪያ ገለል ይደረግ፤ እርጥብና ራቁት መሬት ቀን የበላውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል፣ ሣር የተጎዘጎዘበት ግን አፍኖ ያስቀረዋል። ውርጭ የሚያሰጋ ሲሆን ከቀትር በፊት ውሃ ማጠጣት የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ፖሙ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልሆነም፤ ስለዚህ «ብርድ የሚችል» ተብሎ ተመሰገነ። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ፖም ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓቶች ተጠራቅመውለት ነው በደንብ የሚያብበው፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲፈልጉ አና እና ዶርሴት ጎልደን ከ200 እስከ 300 በሚሆን ይረካሉ። በእኛ ደጋ ክረምትና በጋው በሙቀት ብዙም ስለማይራራቅ ዛፉ ቅጠሉን በራሱ አያራግፍም፤ ሰው በእጁ ያራግፍለታል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ያብባል። በዚህ ግቢ ቅጠሉ የተራገፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስለነበር አበባው የፈነዳው ልክ በውርጩ ወር ሆነ። ጠዋት ሲታይ ነጩ አበባ እንዳለ ነው፤ ሁሉም «አብሽር፣ ተርፏል» አለ። አንዱ አበባ በምላጭ ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን መሐሉ፣ ፍሬ የሚሆነው ክፍል፣ ጠቁሯል። እንቅልፍ ላይ ያለ የፖም እንቡጥ ብዙ ብርድ ይችላል፤ የፈነዳ አበባ ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ መሞት ይጀምራል። በቀጣዩ ዓመት ማራገፉ ወደ ጥር መጨረሻ ተገፋ፤ አበባው የካቲት ላይ፣ በልግ ሲጠጋ መጣ።

ያኔም ፍሬው ሳሳ። ምክንያቱ የተገዛው ሁሉ አና መሆኑ ነው። አና ለብቻዋ የምትይዘው ጥቂት ነው፤ አብራት የምታብብ ዶርሴት ጎልደን ያስፈልጋታል። የተለመደው አተካከል በየሦስተኛው ረድፍ፣ በየሦስተኛው ቦታ አንድ ዶርሴት ማስገባት ነው፤ ከዘጠኝ ዛፍ አንዱ ማለት ነው። ሲተከልም ጉድጓዱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ የላይኛው አፈር ከታችኛው ተለይቶ ይወጣል፣ የተዳቀለበት ጠባሳ ከመሬት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጠባሳው ከተቀበረ ላይኛው ክፍል ራሱ ሥር ያወጣና ዛፉን አጭር የሚያደርገው መሠረት ዋጋ ያጣል።

የጥላውን ዛፍ ነገር በአጭሩ፦ ጃካራንዳ ለኮምቦልቻ ጎዳና ያማረ ነው፣ ውርጭ ሜዳ ላይ ግን በየዓመቱ ጫፉ እየተቃጠለ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። በቦታው ወይራ፣ ዝግባና ሐበሻ ጥድ ገቡ፣ እርጥበት ባለው ጥግ ደግሞ ኮሶ። ከመስኮቶቹ በስተምሥራቅ ምንም ዛፍ አልተተከለም፤ ደሴ ላይ የጠዋት ፀሐይ የሚሸፍን ዛፍ የሚወድ ሠራተኛ አይገኝም።

ለቁጥቋጦ ጌሾ፣ ቀጋና ትሪ ሉሰርን ተመረጡ፤ ግን ትሪ ሉሰርን ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳልና ግንቡ ሥር አልገባም። ግንቡ ራሱ በየአራት ሜትሩ ከመሬት እኩል ተበሳ፣ ቀዝቃዛው አየር መውጫ እንዲያገኝ። እዚያ የቀረው ቡጋንቪሊያ በየዓመቱ እስከ መሬት እየነደደ ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ በአዞ ሐረግ ተተካ። ወይን ይተከል የሚሉም ነበሩ፤ ለሱ ቤቱ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ የግድ ከተባለም በደቡብ ወይም በምዕራብ ግድግዳ ተጠግቶ፣ መገረዙ እስከ ጥር መጨረሻ ዘግይቶ ነው፤ ቀድሞ ከተገረዘ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ያን ለጋ ደግሞ ውርጩ ይጠብቀዋል።