ሳራን ወደ ባሕር ሲያወርዷት

ከአርል የተነሳው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የታጠፈ ካባ ታቅፈዋል። ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ በወርቃማ ክር ተጠልፏል። «ለሳራ ነው» አሉኝ። «የልጅ ልጄ ከሆስፒታል ወጣችልኝ።» ስለት መሆኑ ወዲያው ገባኝ። እኛ ለቁልቢ ጃንጥላ እንደምናስገባው ነው።

የምንሄደው ሴንት ማሪ ደ ላ ሜር ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ የካማርግ ረግረግ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚገናኝበት ትንሽ ከተማ። ነዋሪው ሁለት ሺህ ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። በግንቦት 16 ግን ጠባቂያችን ለሚሏት ለቅድስት ሳራ በዓል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሮማዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። ባሕር ዳሩ በካራቫን፣ በመኪና በሚጎተት ቤት፣ ይሞላል።

ብዙ ሰው «ጂፕሲ» የሚላቸው እነሱን ነው። ከግብፅ የመጡ መስሎ የወጣላቸው ስም ነው። መነሻቸው ግን ሰሜን ህንድ ነው፤ ከዚያ ከወጡ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በሮማኒ ቋንቋ ውሃ ዛሬም እንደ ህንዶቹ «ፓኒ» ነው። እናቲቱን ሮማ ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዢታን ነኝ» አሉ ኮራ ብለው፤ የደቡብ ፈረንሳይ ሮማዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። «ፈረንሳዊም ነኝ። ቅድመ አያቶቼም እዚሁ ነው የተቀበሩት።»

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ምሽግ የተሠራ ነው። የሳራ ሐውልት ያለው ከመንበሩ በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዝቅ ብለን ወረድን። ጣሪያው በሻማ ጭስ ጠቁሯል። ሙቀቱ ያፍናል። እሷም ጥቁር ናት፤ «ሳራ ካሊ» ይሏታል፣ ጥቁሯ ሳራ ማለት ነው። ካባ በካባ ላይ ተደርቦባት የሚታየው ፊቷ ብቻ ነው። እናቲቱ ሰማያዊውን ደረቡላት። ጉንጯን በመዳፋቸው ዳበሱና መዳፋቸውን ሳሙ። ከዚያ የልጅቷን ፎቶ አውጥተው ከሐውልቱ እግር ላይ አስነኩት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናዋን በይፋ አላወጀም። እዚያ ውስጥ ግን ይህን የሚያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ ተሸክመዋት ወጡ። ፊት ለፊት የካማርግ ከብት ጠባቂዎች በነጫጭ ፈረሶች ይሄዳሉ። «ቪቭ ሴንት ሳራ!» ይላል ሕዝቡ፣ ቅድስት ሳራ ለዘላለም ትኑር ማለት ነው። ፈረሶቹም ተሸካሚዎቹም ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ታቦት ሲወርድ ጃን ሜዳ የቆምኩ መሰለኝና ሆዴ ባባ። ይህ ሥርዓት የተፈቀደው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፎልኮ ደ ባሮንቼሊ የተባለ የአካባቢው ከብት አርቢ ባላባት ብዙ ለፍቶበታል።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ካማርግ፣ ሳሊዬ በሚባል ቦታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት «ዘላን» ብሎ የጠራቸውን ቤተሰቦች አጎረ። ሰባት መቶ ገደማ ሰዎች ናቸው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ጎጆዎቹ የአካባቢው መንደር እንዲመስሉ ሳር ክዳን ተደርጎላቸው ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በአገሪቱ ለነበሩት እንዲህ ያሉ ካምፖች ኃላፊነቱን በፕሬዚዳንቱ አፍ ያመነው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

ማታ ከእናቲቱ ጋር ቡና ጠጣን። አባታቸው የይለፍ ደብተር ይዘው ይዞሩ እንደነበር ነገሩኝ። በየሦስት ወሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ማስመታት ነበረባቸው። «በተወለደበት አገር!» አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። ይህ ግዴታ የተነሳው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ደግሞ ከ5,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ሁሉ ለካራቫን ማረፊያ እንዲያዘጋጅ ሕግ አለ። «ይሰጡናል» አሉ። «አውራ ጎዳናው ሥር ወይ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ። ዛሬ ያጨበጨበልን ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቻችን ከልጆቹ ጋር እንዲማሩ ይፈልጋል? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።» እኔም በሐሳባቸው ነኝ። በዓል ማክበር ቀላል ነው፤ ጎረቤት መሆን ነው የሚከብደው።

«እናንተ አገር እንደኛ ያለ ሰው አለ?» አሉኝ።

የለም ልል ነበር። ግን የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። ሸክላ ሠሪዋ በየገበያው ቀን ትመጣለች። ጀበናዋን፣ ምጣዷን እንገዛለን። በሩን ግን አታልፍም፤ ቡዳ ናት ይባላል። ውሃ ስትጠይቅ የሚቀዳላት ለእሷ ብቻ በተለየ ጣሳ ነው። ጣሳው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር። እሷ በሠራችው ጀበና ቡና እየጠጣን።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

«ስሟ ማን ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ።

አላውቀውም። ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም።