ሃይኤስ ውሃ ሲቀንስ፦ ፍሳሹን የማገኝበትና የምዘጋበት መንገድ

ውሃ እየቀነሰ ያስቸገረ ሃይኤስ ሲመጣ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ሹፌሩን «በስንት ቀን ምን ያህል ይጨምራሉ?» እለዋለሁ። በሳምንት ግማሽ ሊትር የሚጨምርና በቀን ሁለት ሊትር የሚጨምር መኪና በሽታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ፋሸታ (ቱቦውን የሚያስረው ቀለበት)፣ የደከመ የራዲያተር ክዳን ወይም የውሃ ፓምፕ ማኅተም (ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው) ይሆናል። ሁለተኛው ወይ በግልጽ የሚያፈስ ቦታ አለው፣ ወይ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው።

«ትንሽ ነው፣ ጀሪካን እይዛለሁ» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የተለመደው የቶዮታ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ደግሞ 82 ላይ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ግፊት የማይዝ መኪና ቴርሞስታቱ በቅጡ ሳይከፈት ውሃው ይፈላበታል ማለት ነው። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ግፊት በትክክል ከያዘ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ሃያ ዲግሪ የሚያህለውን መጠባበቂያ አንዲት የምታንጠባጥብ ቱቦ ትወስደዋለች። ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሲሊንደሮቹን የሚከድነው) የሚጣመመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፍለጋውን የምጀምረው በማጠብ ነው። በሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ስር ስለሆነ ንፋሱ ጠብታውን ወደ ኋላ ይበትነዋል፤ ጊርቦክሱ ላይ የታየው እርጥበት ከቴርሞስታት ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንበሮቹን አንስቼ፣ አሮጌውን ጭቃና ዘይት በመጠነኛ ግፊት አጥቤ በአየር አደርቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ምልክት ሁሉ አዲስ ነው። ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ ከረጠቡት ቦታዎች ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀድሞ ያለው ነው። ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ አሳርፋለሁ፦ ቀይ ሆኖ ቅባት ካለው የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ሽታና ቀለም የሌለው ከሆነና ኤሲ ሲሠራ ብቻ ከመጣ የኤሲ ውሃ ነው። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጣቶች መሃል ያሟልጫል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ ሲደርቅ እንደ ቀለሙ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ መኪና ደግሞ የዝገትና የነጭ ጨው መስመር ይኖረዋል።

ቀጥሎ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የእጅ ግፊት መፈተሻውን (መለኪያ መርፌ ያለው ትንሽ የእጅ ፓምፕ) በክዳኑ ቦታ እገጥማለሁ። እስከ አንገቱ ውሃ እሞላና ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ድረስ እነፋለሁ፤ በብዙዎቹ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ነው። ከዚያ ማለፍ ያረጀ የማሞቂያ ራዲያተር መቅደድ ነው። ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለ ከተፈተነ እየቀዘቀዘ ሲሄድ መርፌው ያለ ምንም ፍሳሽ ይወርዳል። በዚህ ብቻ ጤነኛ ቴስታታ ሲወርድ አይቻለሁ። ሃያ ደቂቃ ቆሞ መርፌው ካልተነቃነቀ ክዳኑን ለብቻው እፈትናለሁ። ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው፤ ትልቁ ግፊት ይይዛል፣ መሃል ያለው ትንሹ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ጋን ውሃ እንዲመለስ ይከፈታል። ጠዋት ላይ የላይኛው ቱቦ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተገኘ ትንሹ ቫልቭ ተጣብቆ አልከፈት ብሏል። ጋኑ እየሞላ ራዲያተሩ ከጎደለም ክዳኑ፣ ጎማው ወይም ወደ ጋኑ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ይመረመር።

ግፊቱ እንዳለ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ከላይ ወደ ታች እወርዳለሁ። ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው መሃሉ ላይ ሳይሆን ፋሸታው ጠርዝ ላይ ነው። ውስጡ ከደረቀና ሲጨመቅ ከተንኮሻኮሸ ፋሸታውን ማጥበቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ይልቁንም ብሎን ያለው ፋሸታ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎማውን ቆርጦ ይገባል። ቱቦው ርዝመት ከተረፈው ጫፉን ሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጬ መልሼ አስገባለሁ፣ ካልሆነ እቀይራለሁ። ቱቦው የሚገባበትን የአሉሚኒየም አንገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ግዴታ ነው፤ ነጩ ዝገት ካልተነሣ አዲስ ቱቦም ያልባል። ሲሊኮን እዚህ ቦታ አልቀባም።

የውሃ ፓምፑ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ማኅተሙ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) እንዳይገባ የምታስወጣው እሷ ናት። ደርቆ የቀረ ትንሽ ምልክት አያስደነግጥም፤ ግፊት ሲሰጠው የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ፓምፑ አብቅቷል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የዘጋ ሰው ኩሽኔታውን ገድሎ ማራገቢያውን ራዲያተር ላይ ያስወረውራል። ሞተሩ ጠፍቶ ማራገቢያውን በሁለት እጅ ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዛለሁ፤ ጨዋታ ካለው ቺንጋውን (የማራገቢያውን ቀበቶ) በማጥበቅ አይድንም። ፓምፑ ሲቀየር አሮጌው ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እስከ መጨረሻው ተፍቆ ይነሣ፤ የቀረች ቁራጭ ፊቱ እኩል እንዳይቀመጥ ታደርጋለች። ቴርሞስታቱን በዚያው ከነካሁት በጠርዙ ያለችው የአየር መውጫ ፒን ወደ ላይ እንድትሆን አስቀምጣለሁ።

ራዲያተሩ የመዳብ ከሆነ ይበየዳል። ከላይና ከታች ፕላስቲክ ጋን ያለው አሉሚኒየም ከሆነና ጋኑ ከብረቱ በሚጋጠምበት መስመር ውሃ ካንጠባጠበ ኤፖክሲ የሚይዘው እስከሚቀጥለው ዳገት ነው። እዚያ ላይ የምመክረው መቀየር ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ጋራዥ ሳያየው ወደሚያልፈው ቦታ። የኋላ ማሞቂያ ያለው ሃይኤስ ከሞተሩ ተነሥተው በወለሉ ስር እስከ ተሳፋሪ ወንበር የሚሄዱ ሁለት የብረት ቧንቧዎች አሉት፤ በየመጋጠሚያቸው አጭር ጎማ አለ። መኪናው ለጉዞና ለአዳር ተሰናድቶ ወለሉ በኮምፔርሳቶ ከተሸፈነና አልጋ ከተሠራበት ማሞቂያው ራሱ ከዕይታ ይጠፋል፤ ውሃው እንጨቱ ስር ገብቶ ወራት ሊቆይ ይችላል። ቧንቧው የሚበሳው ብዙ ጊዜ ከሻሲው ጋር በሚያስረው ማቀፊያ ውስጥ ነው፤ ጭቃ እዚያ ይታጨቅና እርጥበት ይዞ ብረቱን ከውጭ ይበላዋል። በጣት ሲዳሰስ ደህና ይመስላል፣ ማቀፊያው ሲፈታ ግን የምስማር ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ትገኛለች።

ወለል ከመንቀል በፊት የምሠራው ቀላል ፈተና አለ። ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች ሞተሩ ጋ ፈትቼ መውጫና መግቢያውን በአንድ የዩ ቅርጽ ቱቦ አገናኝና እንደገና እነፋለሁ። ግፊቱ ሳይወርድ ከቆየ ችግሩ ከኋላ ነው፤ አሁንም ከወረደ ፍሳሹ ከሞተሩ በኩልም አለ። ጫፎቹን በቡሽ ከመድፈን በዩ ቱቦ ማዞር እመርጣለሁ፤ በአንዳንድ ሞተር ቴርሞስታቱ ዝግ ሳለ ውሃው የሚዘዋወረው በማሞቂያው መስመር ነውና። ባለቤቱ የኋላውን ሙቀት ካልፈለገው እንደዚያው ቢቆይ አይጎዳም። ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ግን ይፈልገዋል፤ ያኔ የተበላውን ቁራጭ ቆርጬ ሙቀት በሚችል የማሞቂያ ቱቦ እተካለሁ። የነዳጅ ቱቦ ወይም የአትክልት ጎማ እዚህ አይሠራም፣ ያብጥና ይፈነዳል። የፊት ማሞቂያው ሲያፈስ ደግሞ ምንጣፉ ይረጥባል፣ የፊት መስታወቱ በቅባታም ጉም ይሸፈናል።

ከውጭ ምንም ሳይኖር መርፌው ከወረደ ጥርጣሬዬ ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ይዞራል። ግፊቱን ሰጥቼ አሳድረውና ጠዋት ካንዴሌታዎቹን (በየሲሊንደሩ ላይ የተጠለፉትን ማሞቂያዎች) በሙሉ ፈትቼ ነው ሞቶሪኖውን (ማስነሻውን) የማዞረው፤ ውሃ ከአንዱ ቀዳዳ ከተረጨ ነገሩ አለቀ። ሳይፈቱ ማስነሣት አደገኛ ነው፤ ውሃ አይታመቅምና ፒስቶኑ ሲመታው ቢየላው (ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ) ይታጠፋል። ሌላው ምልክት ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሣ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ሆኖ መጠንከሩ ነው። ቴስታታው ከወረደ ፊቱ ወደሚስተካከልበት መፋቂያ ከመሄዱ በፊት ስንጥቅ ይፈተሽ፤ ሰንጣቃ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ማድረግ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን የፍሳሽ መድፈኛ አልጠቀምም። ቀዳዳውንና የማሞቂያውን ቀጫጭን መስመር አይለይም፣ ሁለቱንም ይደፍናል።

ስሞላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል እቀላቅላለሁ። «አገራችን አይበርድም» የሚሉ አሉ፤ ኩላንት እዚህ የሚፈለገው ዝገት ለመከላከልና የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውን አላደባልቅም፤ የማይስማሙ ከሆኑ የዝገት መከላከያቸው ቶሎ ያልቃል፣ አንዳንዴም ዝቃጭ ይሆናሉ። ሲፈስስ የወጣውን በተለካ ባልዲ እይዛለሁ፤ ምክንያቱም አሥር ሊትር ወጥቶ ስምንት ብቻ ከገባ ሁለቱ ሊትር አየር ሆኖ የኋላው ማሞቂያ ውስጥ ተቀምጧል። የመኪናውን ፊት ዳገት ላይ አቆማለሁ፣ የፊትና የኋላ ማሞቂያዎችን ሙቅ ላይ እከፍታለሁ፣ ቀስ ብዬ እየሞላሁ ቱቦዎቹን በእጅ እጨምቃለሁ። ከዚያ ክዳኑ ክፍት እንዳለ አስነሥቼ የታችኛው ቱቦ እስኪሞቅና ከኋላ ማሞቂያው የጋለ አየር እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ከፊት ሙቅ ከኋላ ቀዝቃዛ ከሆነ አየሩ አልወጣም፤ አጥፍቼ አቀዘቅዝና እደግመዋለሁ።

መኪናውን ስመልስ ጋኑ ላይ በቀዝቃዛ ሞተር የውሃውን ልክ በፕላስተር ምልክት አደርግበታለሁ። ሹፌሩ ለሳምንት በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ያንን መስመር ብቻ ያያል፤ አዲሶቹ ቱቦዎች ሙቀት ለምደው ትንሽ ስለሚላሉ ፋሸታዎቹንም መልሼ አንድ ጊዜ አጠብቃለሁ።