ሠፈሩ የሚያውቀውን ገዳይ መጻፍ

የምርመራ ልብ ወለድ ስጀምር እንደ አርአያ የማያቸው መጻሕፍት ሁሉ የውጭ ነበሩ። ብቻውን የሚያስብ ብልህ መርማሪ፣ ከሰው የራቀ ትልቅ ቤት፣ የሲጋራ አመድ፣ መስኮት ሥር የቀረ የጫማ ዱካ። ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች እየገዛሁ፣ ሲያቅተኝም እየተከራየሁ፣ ሌሊቱን ጨርሼ ጠዋት የመለስኳቸው ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ሳመጣቸው ግን አልቆም አሉኝ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋሩ ቤተሰቦች መካከል ማን ሳይታይ ይገባል? ማንስ ሳይታይ ይወጣል?

መንገዱን ያሳየኝ አውጫጭኝ ነው። በድሮ ዘመን ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ሥራ ይፈታል። ፊት ለፊት ለመናገር የሚፈራ ሰው አለና ምስጢሩን የሚያደርሰው ‹ወፍ› ይባላል፣ ማንነቱም አይገለጥም። ሌባሻይም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ የሚባልበት። ሌባሻይ ያስፈራኛል። አውጫጭኝ ግን ማረከኝ፤ ምክንያቱም መነሻው ‹ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አለ› የሚል እምነት ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደብተር ስከፍት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምጽፈው ‹ማን ገደለው?› የሚለውን አይደለም፤ ‹የሚያውቀው ሰው ለምን ዝም አለ?› የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፌ በዚህ ጥያቄ ተነሥቶ እድር ውስጥ ገባ። አንድ ጡረተኛ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ቤተሰቡ ሬሳውን ያገኘነው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው ይላል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ግን የሰውየውን ስም እየጠራ ሠፈሩን የዞረው 11 ሰዓት ላይ ነው። ታዲያ ለጥሩምባ ነፊው ማን ነገረው? መርማሪዋ ሽማግሌውን ጥሩምባ ነፊ ጣቢያ አትጠራቸውም። ድንኳን ገብታ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች።

‹‹አባባ፣ የዚያን ለሊት ማን ቀሰቀሰዎት?››

‹‹ልጄ፣ እኔ የምይዘው የሟቹን ስም ነው። የነገረኝን ሰው ስም አልይዝም።››

ይህቺን መልስ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል። በቀደሙት ረቂቆች ሽማግሌው ይማሉ፣ ይቆጣሉ፣ ስለ ዕድሜያቸው ያወራሉ። አንድ ዐረፍተ ነገር በቀነስኩ ቁጥር ዝምታቸው እየከበደ መጣ። የሚደብቅን ሰው ስጽፍ አሁን መጀመሪያ የማደርገው ንግግሩን ማሳጠር ነው።

እድርን እንደማንኛውም ሰው አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። የአንድ እድር ዳኛ መዝገባቸውን ገልጠው ሲያሳዩኝ ግን ለልብ ወለድ ጸሐፊ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ አየሁ። ማን ቀብር እንደቀረ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ መቼ ወጥቶ መቼ እንደተመለሰ ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ተይዟል። ‹እኔ ቀብር ላይ ነበርኩ› የሚል ተጠርጣሪ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ያመጣል?

ጊዜውንም ልቅሶው ራሱ ሰጠኝ። በእኛ አገር ሰው በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ ድንኳኑም አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሠልስት ይቆያል። መርማሪዋ ሬሳው ለምርመራ ምኒልክ ሆስፒታል ይሂድልኝ ስትል ቀባሪው በር ላይ ቆሟል። ያን ትዕይንት ስጽፍ የተቆጣውን ቤተሰብ ክፉ ላለማድረግ ተጠንቅቄያለሁ፤ አባታቸውን በወጉ መቅበር የፈለጉ ልጆች ናቸው። በሌላ በኩል ሕጉ አለ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህን ያነበብኩት ከሕጉ ነው፤ የገባኝ ግን ችሎት ገብቼ ስቀመጥ ነው። ዳኛው ‹‹ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምን ሠራችሁ?›› ብሎ መርማሪውን ሲጠይቅ መስማት ከማንኛውም የማሳደድ ትዕይንት በላይ ልብ ይሰቅላል።

እንግሊዛዊቷ የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ክፍል ሠርታለች። መርዝን ያን ያህል አሳምና የጻፈችው ስለምታውቀው ነው። እኔ መርዝ አላውቅም፣ ሽጉጥም አላውቅም። የማውቀው ውርስ የሚያጣላቸውን ወንድማማቾች፣ የቤት ካርታን፣ የቡና ላይ ወሬን ነው፤ ከዚያ አልወጣም። ሰዓታችንን ደግሞ አውቃለሁ። በሁለተኛው መጽሐፌ ዋሽንግተን ያደገ የሟች የወንድም ልጅ ‹‹ነገ በስምንት ሰዓት እንገናኝ›› ሲባል ስልኩ ላይ 8፡00 ሲል ጠዋት ይመጣል፤ ማየት የሌለበትንም ያያል። አንባቢ ፍንጩ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ለእሱ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው።

እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነት ድርሰት 10 ደንቦች አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ወንጀለኛው ገና በታሪኩ መጀመሪያ ላይ መጠቀስ አለበት ይላል። ከአሥሩ አጥብቄ የያዝኩት ይህንን ነው፤ መጨረሻ ላይ ከየትም የመጣ እንግዳ ገዳይ ሆኖ ሲገኝ አንባቢ ተዘርፏል ብዬ አምናለሁ። የእኔ ገዳይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ይታያል፤ ለዚያውም ደግ ነገር ሲሠራ።

የምጽፈው ጎሕ ሲቀድ፣ በእርሳስ፣ ደብተር ላይ ነው። ኮምፒውተር የማበራው ለሁለተኛው ረቂቅ ብቻ ነው፤ ገና ያልበሰለ ዐረፍተ ነገር እዚያ ላይ ያለቀለት መስሎ ይታየኛል። ክረምቱን እመርጣለሁ። ሙዚቃ አልከፍትም። ሲዘጋብኝ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ እወርዳለሁ።

ምዕራፍ ሲያልቅ ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። የኢትዮጵያ ሬዲዮን ‹ከመጻሕፍት ዓለም› እየሰማን ያደግን ሰዎች ልብ ወለድን መጀመሪያ የምናውቀው በጆሮ ነው፤ ተራኪው ‹ይቀጥላል› ሲል የሚሰማንን ንዴት አልረሳውም፣ ምዕራፍ የምዘጋውም በእሱ ልክ ነው። እናቴ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። እጇ ካላቆመ ያ ገጽ ይደገማል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገዳይ ገና መሀል ላይ ሳንደርስ ነገረችኝ። ‹‹በምን አወቅሽ እማዬ?›› ስላት፣ ‹‹ቁጭ ብሎ አላለቀሰም እኮ፤ ሲያስተናግድ ብቻ ነው ያየሁት›› አለች። ያንን ፍንጭ አላጠፋሁትም። ሌሎች አስተናጋጆች ጨምሬ መሀላቸው አስገባሁት።

አሁን የያዝኩት ሦስተኛው በውርስ ቤት ጉዳይ ነው። ገዳዩን ለይቼዋለሁ፣ ቀኑንም ሰዓቱንም አውቃለሁ። አይታ ዝም ያለችው ጎረቤት ግን ለምን ዝም እንዳለች የሰጠኋት ምክንያት ገና እኔን አላሳመነኝም፤ እሱ ሳይገኝ ምዕራፍ አንድን አልጀምርም።