«በርበሬዋ አፈር አለው» ሲባል ስሜን እንዴት እንዳተረፍኩ

በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ቤቴ አዘጋጅቼ በቴሌግራም ነው የምሸጠው። ሱቅ የለኝም ታፔላ የለኝም፣ ሰው የሚያውቀኝ በቻናሌ ብቻ ነው። በዛ ላይ በርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ የሚል ወሬ በየጊዜው ስለሚሰማ ገዢው ገና ሳይቀምስ ይጠራጠራል። አልፈርድበትም፣ እኔም ስገዛ እንደዛው ነኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ያው 55 ቀን ስለሆነ ሰው ሽሮና በርበሬውን ቀደም ብሎ ነው የሚሸምተው፣ አንዷ ደንበኛ ፖስቴ ስር «ጥርስ ላይ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ አፈር ቀላቅላ ነው የምትሸጠው እንዳትገዙ» ብላ ፃፈች። ወዲያው ገዝተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ እሷን ተከትለው ይወቅሱኝ ጀመር።

አብራኝ የምትሰራው እህቴ አጥፊውና ብሎክ አርጊያት አለችኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም ኮመንት ቢጠፋም ስክሪንሻቱ ሰው እጅ ይቀራል፣ ከጠፋ ደግሞ «አይ እውነት ቢሆን ነው እንጂ ለምን ታጠፋዋለች» ነው የሚባለው፣ ከዛ በኋላ ብትምሉም ብትገዘቱም የሚሰማችሁ የለም። እዛው ስሩ «እህቴ በጣም ይቅርታ፣ ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ ብርሽን ዛሬውኑ እመልሳለሁ፣ የዚህን ዙር በርበሬ እያየሁት ነው ምክንያቱን እዚሁ እፅፋለሁ» ብዬ መለስኩላትና በቴሌብር ላኩላት። ማስረጃ አምጪ ምናምን አላልኩም።

ከዛ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ በርበሬ አማስዬ ትንሽ ቆይቼ ውሃውን ቀስ ብዬ ደፋሁትና ታች የቀረውን በጣቴ አሸሁት። አሸዋ ወይ ሸክላ ካለ ይሻክራል፣ እናም ሻከረ! ካለፈው ዙር የተረፈኝን በሌላ ብርጭቆ ስሞክረው ግን ምንም የለውም። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ የተሰጣው እኔው ግቢ ውስጥ ስለሆነ የቀረው ወፍጮ ቤቱ ነው። ሄጄ ስጠይቅ ድንጋዩ የተወቀረው እኔ ባስፈጨሁበት ቀን ጠዋት ነው፣ የነገረኝ ሰው የለም። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ መጀመሪያ ሌላ ነገር ካልተፈጨበት የድንጋዩን ብናኝ እህሉ ላይ ነው የሚጥለው።

ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን አድርጌ ቪዲዮ ቀረፅኩና ቴሌግራምም ቲክቶክም ላይ ፒን አደረግኩት፣ የወፍጮ ቤቱን ስም አላነሳሁም፣ ደንበኛዬ ብር የከፈለው ለኔ ነው። እዚህ ጋ በጣም የጠቀመኝ እያንዳንዱ ፌስታል ላይ የተፈጨበትን ቀን መፃፌ ነው፣ ማን ከየትኛው ዙር እንደወሰደ ደብተሬ ላይ ስላለ አንድ በአንድ ደውዬ የፈለገ ብሩን የፈለገ ሌላ በርበሬ ወሰደ። አሜሪካ ያለች ደንበኛዬ በመንገደኛ ነበር ያስወሰደችው፣ እሷ መመለስ ስለማትችል ብሩን አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ሰጠሁ።

ቅሬታ ያቀረበችው ልጅ ተመልሳ መጥታ አመስግናለች፣ የመጀመሪያ ኮመንቷ ግን አሁንም አለ። አዳዲስ ገዢዎች «እሱን አንብቤ ነው የመጣሁት» ሲሉኝ ይገርመኛል፣ የዘመድ ምስጋና ቢደረደር ይህን ያህል አይሰራም። እንዲያውም ዘመዶቻችሁን «ምርጥ ነው» ብላችሁ ፃፉልኝ አትበሉ፣ ገዢ ያውቃል። የደንበኛ ምስጋና ስትለጥፉም አስፈቅዱ፣ ስሙንና ስልኩን ሸፍኑ።

ስማችሁ መታወቅ ሲጀምር ደግሞ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ፣ በናንተ ስም ቻናል የሚከፍት አጭበርባሪ። አንዱ የኔን ፎቶ በሙሉ ወስዶ ዩዘርኔሙ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበል ነበር፣ የተበሉት ሰዎች ደግሞ እኔ ላይ ነው የጮሁት። እነሱንም አልተቆጣሁም፣ የከፈሉበትን ደረሰኝና ቻናሉን ስክሪንሻት አስልኬ ለቴሌግራም ሪፖርት አደረግኩ፣ ደንበኞቼም ሪፖርት እንዲያደርጉ ለመንኩ። ቻናሌ ላይም «ቴሌብር ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል፣ የኔ ስም ካልሆነ አትላኩ» የሚል ፒን አለ። አሁን በየሳምንቱ የራሴን ስም በተለያየ አፃፃፍ ሰርች አደርጋለሁ፣ የሚመስል ነገር ካገኘሁ ሰው ሳይከፍል በፊት ሊንኩን ለጥፌ ይሄ እኔ አይደለሁም እላለሁ።