በእስክሪብቶ የተከበበው ሽፍታ
ስድስት ወር ሙሉ «አለርጂ ነው» እየተባልኩ ኪኒን ስውጥ ከረምኩ። ቀላ ብሎ ያበጠ ሽፍታ ስለሆነ እኔም አምኜ ነበር። ግን ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል። በኋላ አንዲት የቆዳ ሐኪም አንዱን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከበቡና «ነገ ነይ፣ እንየው» አሉኝ። በቃ፣ ይኼው ነው ዘዴው! እንዲህ አብጦ የሚወጣ ተራ የአለርጂ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላ ከቦታው ይጠፋል፤ የኔው ግን በማግስቱም እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ሲለቅም እንደ በለዘ ቦታ ጠቆር ያለ ምልክት ይተዋል። ከቆዳዬ ትንሽ ተቆርጦ ሲመረመር ኡርቲካሪያል ቫስኩላይተስ፣ ማለትም የትንንሽ ደም ስሮች ብግነት ሆኖ ተገኘ። ኩላሊቴ እንዳልተነካ ለማወቅ ሽንት፣ ኮምፕልመንት የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች ቀንሰው እንደሆነ ለማየት ደግሞ ደም ሰጠሁ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ሽፍታውን ቶሎ ጸጥ አደረገው፣ ፊቴንም አብሮ ነፋው እንጂ። አሁን ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ዓይኔንም በየጊዜው እታያለሁ።