ፍንጭ

የግል ማኅደሬ ውስጥ አንዲት ገጽ ማስጠንቀቂያ ተቀምጣለች። ጥፋቴን ስትገልጽ «ስለ ደንበኛ የብድር ሁኔታ ለሦስተኛ ወገን ፍንጭ በመስጠት» ትላለች። ልብ በሉ፣ «በመናገር» አላለችም። «አሳልፎ በመስጠት»ም አላለችም። ፍንጭ። የሰው ሀብቱ ሰውዬ ይህችን ቃል እስኪያገኝ ግማሽ ቀን ሲሰርዝ ሲደልዝ እንደዋለ ጸሐፊው ነግራኛለች። (እሷም የምስጢር ቅጽ ፈርማለች፤ ግን እሱን ተዉት።)

የኔ የፊት ጥርስ ደግሞ ፍንጭት ነው። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ቢሮው ቀልዱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፦ «ምን ታድርግ፣ በፍንጭቷ ሾልኮባት ነው!» ይኸው እስከ ዛሬ ከሪከቨሪ ክፍል (የባንካችን ያልተከፈለ ብድር የሚያስመልሰው ክፍላችን ነው) አንድ ወሬ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው የኔ ጥርስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2014 የፋሲካ ማግስት፣ እናቴ ቤት፣ መሶብ ዙሪያ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ጅቡቲ ሲመላለስ ያጠራቀመውን፣ በዚያ ላይ ሲኖትራኩን የሸጠበትን ይዞ ቤት ሊገዛ ነው። ሰሚት፣ 200 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን፣ 11 ሚሊዮን። «እዚያ ሰፈር ከ13 በታች ቤት የለም፤ ሰውየው ቸኩሎ ነው» ይላል። ዓርብ ሦስት ሚሊዮን ቀብድ ይከፍላል፤ ለጊዜው በሦስት ምስክር ይፈራረማሉ፤ ውልና ማስረጃ የሚሄዱት በወሩ ነው።

«ካርታውን አየኸው?» አለች ሚስቱ።

«ኮፒውን አይቻለሁ። ኦርጅናሉን ለደህንነት ብሎ ባንክ አስቀምጦታል። ሥርዓት ያለው ሰው ነው።»

ቀጠለና የሰውየውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራው።

የዶሮ ወጡ እንቁላል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ካርታው ባንክ መሆኑ እውነት ነው። ለደህንነት መሆኑም እውነት ነው፤ የኛ ደህንነት ነው እንጂ። ከወንበሬ ጀርባ ካለው ግድግዳ ማዶ፣ እሳት በማይበላው ካዝና ውስጥ፣ ከመያዣ ውሉ ጋር ተቀምጧል። ብድሩ ክፍያ ካቆመ ሰባት ወር ሆኖታል፤ «ደረጃው የወረደ» የሚባለውን ሰብስታንዳርድን ተሻግሮ «መመለሱ አጠራጣሪ» የሚባለው ዳውትፉል ገብቷል። በአዋጅ 97/1990 የሚጻፈው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከወጣ 12ኛ ቀኑ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ቤቱን በሐራጅ የምንሸጥ መሆኑን እናሳውቃለን» የምትለውን መስመር ሁለቴ አስተካክያታለሁ፣ ነጠላ ሰረዟን ሳይቀር።

እንደዋዛ «የዕዳና እገዳ ማጣሪያ አምጣ በለው እንጂ» አልኩ። ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ይህን ማንም ይመክራል። ጨዋ ደላላም ይመክራል።

ወንድሜ ሳቀብኝ። «ባንክ ቤት የሚያስተምረው ሰው አለማመን ብቻ ነው እንዴ? ቀብድ እኮ ነው። ከካደኝ እጥፉን ይከፍለኛል፤ ሕግ ነው።»

ሕጉስ ሕግ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ለባንክ መክፈል ያቃተው ሰው ግን የሦስት ሚሊዮን እጥፍ ከየት ያመጣል? ይህንን አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት። ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ፈንዲሻ ለቀምኩ። እናቴ «ምነው ዝም አልሽ፣ አመመሽ?» አለችኝ። ጾም ፍቺ ነው፣ ሆዴ ነው አልኩ። ሆዴስ ሆዴ ነበር።

ሌሊቱን የሆንኩትን አላረዝመውም። ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። መያዣ ካልተመዘገበ አይጸናም፤ የሚመዘገበው ደግሞ ሌላው ሰው እንዲያውቀው ነው፤ ታዲያ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር ምኑ ምስጢር ነው? ጥሩ ክርክር ነው። ችግሩ እኔ ያወቅሁት ከመዝገቡ አይደለም። ሰውየው ለባንኩ የነገረውን፣ ምናልባት ለሚስቱ ያልነገረውን ነው በደመወዝ የማነበው። ይህን ይዤ ወደ ማዶ ስገለበጥ ደግሞ ወንድሜ አለ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ መጀመሪያ ረዳት፣ ቀጥሎ ሾፌር ሆኖ የኔን የኮሌጅ ክፍያ ከጋላፊ ሙቀት ውስጥ የላከልኝ። ያን የምስጢር ቅጽ ለመፈረም የበቃሁት በማን መሪ ነው? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። አህያዋ ግን ቅጽ አልፈረመችም።

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ደወልኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ሳታይ እንዳትከፍል።»

«በዚህ ሰዓት? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ማጣሪያውን ያምጣ በለው፣ በቃ።»

«አንቺ የምታውቂው ነገር አለ።»

«የማውቀው ነገር የለም።»

«አለ።»

«የለም አልኩህ እኮ!»

ዝም አለ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲቀንስ ይሰማኛል። ቀስ ብሎ፣ ልጅ ሳለን ስኳር የሰረቅሁ ለታ እንዳወጣጣኝ አድርጎ፣

«እሺ፣ እማዬ ትሙት በይ» አለኝ።

እንግዲህ ፍርዱን ለናንተ እተወዋለሁ። የፈረምኩት ቅጽ «ለማንኛውም ወገን በማናቸውም መንገድ አልገልጽም» ይላል። ስለ እናቴ ሞት ግን የሚለው የለም። ለሚጠይቅ ዘመድ ምን እንደሚመለስ በሥልጠና ነግረውናል፤ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለጋዜጠኛም እንዲሁ። «እማዬ ትሙት በይ» ለሚል ሰው ግን ምን እንደሚባል ያስተማረን የለም። አፌን ከፈትኩ። እናቴ በዚያ ሰዓት ጸሎቷን ጨርሳ ነጠላዋን አጥፋ ስትተኛ ታየችኝ። አፌን ዘጋሁ።

«ገባኝ» አለ ወንድሜ። «ደህና እደሪ።»

እስኪ ቁጠሩልኝ፤ ፋሲካ ማግስት ያልኩትና ማክሰኞ ያልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። «ፍንጭ» የሚለው ቃል ስለዚህ ትክክል ነው፤ የሰው ሀብቱ ሰውዬ ግማሽ ቀኑን በከንቱ አላጠፋም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ወንድሜ ዝም ብሎ ማጣሪያ ቢጠይቅ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሾፌር ነው፤ ጥሩንባ ሳይነፋ አያልፍም። በነጋታው ሰውየው ዘንድ ሄዶ፣ «እህቴ እዚያው ባንክ ናት፣ ሁሉን ነግራኛለች!» አለው። ምኑን ነው ሁሉን? የነገርኩት ዝምታ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሰውየው መጣ። እኔ የጠበቅሁት አጭበርባሪ ነበር። የመጣው ሱፍ የለበሰ፣ ከረባቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ስድሳውን ያለፈ አዛውንት ነው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«ዕዳዬን ለሰው የነገርሽው አንቺ ነሽ ልጄ?»

«ምንም አልተናገርኩም ጋሼ። ይቀመጡ።»

«ታዲያ ልጁ ምን ሰምቶ ተመለሰ?»

መልስ አልነበረኝም። ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ ላቡንም ዓይኑንም አልጠረገም፣ እጁ ላይ ብቻ አጠፈው፣ ፈታው።

«ብሩን ይዤ የት ልሄድ መሰለሽ? እዚሁ እኮ ነው ልመጣ የነበረው፤ እናንተ ዘንድ። በቀብዱ ውዝፉን ዘግቼ፣ ቀሪውን እሱ ለባንኩ ከፍሎ፣ ካርታውን አስለቅቄ በክብር ላስረክበው ነበር።»

ይህ ውሸት ሊሆን ይችላል። ግን የማይሆን ነገር አይደለም። ገዢው የባንኩን ዕዳ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ዘግቶ፣ ካርታ ተለቆ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ተሄዶ ያለቀ ሽያጭ እኛው ክፍል ስንት አለ! ለወንድሜ ፊት ለፊት «ቤቴ የባንክ ዕዳ አለበት» ቢለው ኖሮ ምናልባት ሁላችንም እንተርፍ ነበር። ያልነገረው ሊያጭበረብር ይሁን አፍሮ፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። መሐረቡን ባስታወስኩ ቁጥር አፍሮ ይመስለኛል። የወንድሜን ሦስት ሚሊዮን ሳስብ ደግሞ መሐረቡ ራሱ ያናድደኛል።

አለቃዬ ከሰዓት አስጠራኝ። ቅጼን አስወጥቶ ፊቱ ዘርግቶታል።

«ምን አልሽው?»

«የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ጠይቅ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እማዬ ትሙት በይ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ዝም አልኩ።»

መነጽሩን አወለቀ። «መማል ነበረብሽ» አለኝ።

«በሐሰት? በእናቴ?»

«በልብሽ የሌላ ሰው እናት ታስቢያለሻ።»

ይህን ያለኝ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመውረድ የዓመት ፈቃዱን የሚቆጥብ ሰው ነው። ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ እየቀለደ አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሐቁን ልናገርና፣ ትክክለኛውን ነገር ነገረኝ። «ፋሲካ ማግስት ሰምተሻል። በነጋታው መጥተሽ ‹ይህ ፋይል ከቤተሰቤ ጋር ተነካክቷል፣ ለሌላ ሰው ስጡልኝ› ብትይ እኔም አንቺም ንጹሕ ነበርን።» እውነቱን ነው። ይህ ቅጹም ላይ አለ፣ ሥልጠናውም ላይ ነበር። አልኩት፦ «ፋይሉን ባስረክብ እኔ እነጻለሁ፤ የወንድሜ ሦስት ሚሊዮን ግን ዓርብ ይሄዳል።»

«እሱ የወንድምሽ ጉዳይ ነው» አለ። ማስጠንቀቂያዋም ወጣች። ስለ ሌላ ሰው እናት የተባለው ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ወንድሜ ሳይገዛ ቀረ። ሰውየውም ሌላ ገዢ አላገኘም፤ 30 ቀኑ አለቀ፤ የሐራጅ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በሐራጁ ቀን የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ይዘው የቀረቡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ቤቱ ስምንት ሚሊዮን ከምናምን ሄደ፤ ዕዳችን ተነሥቶ የተረፈው ለሰውየው ተሰጠው። ካሸነፈው ተጫራች ጋር የት እንደምተዋወቅ ወዲያው አልመጣልኝም። በኋላ ትዝ ሲለኝ፣ አምና በአንድ ልደት ላይ ኬክ ሲያድል ያየሁት ሰው ነው። የማን ቤት ልደት እንደነበር አልናገርም። ፍንጭ ይሆንብኛል። ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ አሸናፊውም ጋዜጣ ይወድ ይሆናል።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው ደግሞ ሁለት ዓመት ቆይተን ነው። የቤት ዋጋ ሰማይ ሲወጣ፣ በተለይ ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በየበዓሉ ያንን ቤት ያነሣዋል። «በ11 ሚሊዮን! አንቺ ባትደውይ ኖሮ የኔ ነበር!» ይላል። ሚስቱ «ገንዘቡንም ቤቱንም ታጣ ነበር» ትለዋለች። እሱ ግን አሁን የሚያምነው ሰውየውን ነው፤ ከኔ ይልቅ። እናቴን ወሬው በምን መንገድ እንደደረሳት አላውቅም (የኛ ቤት ቅጽ አያስፈርምም)። እሷ ከታሪኩ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ይቺ ልጄ በኔ አትምልም፤ ሥራዋን ብታጣ እንኳ አትምልም» ትላለች። ሥራዬን እንዳላጣሁ ብነግራትም አትሰማኝም።

ባለፈው ወር ወንድሜ በቀን፣ የምሳ ሰዓት ላይ ደወለ። ለቡ ሌላ ቤት አግኝቷል። የባለቤቱን ስም ከነአያቱ ሊጠራልኝ ሲል ጆሮዬን ከስልኩ አራቅሁ። «አትንገረኝ! ስሙን አልፈልግም። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ያምጣ በለው፣ ያው ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። «ማታ ከደወልሽ አልገዛም። ካልደወልሽ እገዛለሁ።»

ዘጋው። እኔ እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አጠፋለሁ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ፋይሉም እኛ ዘንድ ይኑር አይኑር አላየሁም። ግን ማጥፋቴም ሌላ ነገር እንዳይመስለው እያልኩ፣ በ4 ሰዓት መልሼ እከፍተዋለሁ።