ከአዲስ አበባ ሆናችሁ አሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ለምታመለክቱ፦ ቻንሳችሁን ከማስላታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

"አቬሬጄ ይሄ ነው፣ ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ይሄን አምጥቻለሁ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ እገባለሁ?" ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈው። ከነጥባችሁ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ቤተሰባችሁ በዓመት ስንት መክፈል ይችላል? የኔ ቤተሰብ ምንም መክፈል አይችልም ነበር፣ ስለዚ ከዚ በታች የምለው ሁሉ ሙሉ እርዳታ ለሚያስፈልገው ልጅ ነው።

ኮሌጆቹ የሚያወጡት የመቀበያ ፐርሰንት እናንተን አይመለከትም። ኤምአይቲ በጠቅላላው 5 ከመቶ አካባቢ ነው የሚቀበለው፣ የውጭ ተማሪ ለብቻው ሲታይ ግን 2 ከመቶ አካባቢ ነው፣ ራሳቸው ድረገጻቸው ላይ ያወጡታል። እሱም ከደህናዎቹ ነው፣ ምክንያቱም ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና አምኸርስት የውጭ ተማሪም ቢሆን ብር የለኝም ስላለ አይጥሉትም። ከነሱና ከጥቂት ሌሎች ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ግን ስንት እንደጠየቃችሁ እያዩ ነው የሚወስኑት። የካሊፎርኒያና የዋሺንግተን አይነት የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ደሞ የቤተሰብ አቅም አይተው ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት እርዳታ የላቸውም። ዋሺንግተንና ኢሊኖይ ኮምፒውተር ሳይንስን ለብቻው ነው የሚቀበሉት፣ ከሌላው ፊልድ በጣም ይከብዳል፣ ስማቸው ስለገነነ ብቻ ጊዜያችሁን እዛ አትጨርሱ። ትንንሾቹ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምሩት) ጋ የምትገቡት ኮሌጁን ነው፣ ሜጀር የምትይዙት ሁለተኛ ዓመት አካባቢ ነው፣ ስለዚ ኮምፒውተር ሳይንስ ስላላችሁ ብቻ በሩ አይጠብም።

አሁን ዋናው ነገር። የኮሌጁን ስም ጽፋችሁ ኮመን ዳታ ሴት (Common Data Set፣ ኮሌጆች በየዓመቱ ቁጥራቸውን የሚያወጡበት ሰነድ) ብላችሁ ሰርች አድርጉ፣ ፒዲኤፍ ይወጣል፣ ቀጥታ ኤች 6 (H6) የሚለው ጋ ውረዱ። ስንት የውጭ ተማሪ እርዳታ እንዳገኘና በአማካይ ስንት ዶላር እንደደረሰው እዛ ተጽፏል። ቁጥሩ የአራቱም ዓመት ተማሪ ስለሆነ ለ4 አካፍሉት፣ በዓመት ስንት ሰው እንደሚወስዱ በግምት ታገኛላችሁ። ከዛ አማካዩን ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ጋር አስተያዩት። ወጪው 80 ሺ ሆኖ አማካይ እርዳታው 25 ሺ ከሆነ፣ ተቀበልንሽ ቢሏችሁም ቪዛ ጋ አትደርሱም። እኔ ሊስቴን በሙሉ የሰራሁት በዚ ነው፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ኮሌጆች ከላይ መጡ፣ የገባሁትም ከነሱ አንዱ ጋ ነው፣ ዛሬም ኮራ ብዬ ነው የማወራው።

ሌላው ቀላል ነው። ኤሴ ጻፍኩ፣ ዱዎሊንጎ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ተፈተንኩ፣ ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጅ ባንዴ የሚያመለክቱበት የኦንላይን ፎርም) ሞላሁ። የዛን ጊዜ ብዙ ኮሌጆች ኤስኤቲ እንደፍላጎታችሁ ነው ይሉ ነበር፣ ዛሬም የሚሉ አሉ፣ እናንተ ግን ተፈተኑ። ትምህርት ቤታችሁን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው እዛም እዚም አንድ የሆነ ቁጥር ያስፈልገዋል።

እንደዛ ያሰላሁትን ሁሉ ገደል ሊከተው የነበረው የትምህርት ቤታችን ሪከርድ ክፍል ነው፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የ2014 ባች የአገር አቀፍ ፈተና የተፈተነው 2015 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ውጤቱ የወጣው ጥር ላይ። የአሜሪካዎቹ ማመልከቻ አብዛኛው የሚዘጋው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚ ሳመለክት በእጄ ያለው ትራንስክሪፕት ብቻ ነበር። ለኮሌጆቹ ላኩልኝ ብዬ ሄጄ ስጠይቅ ሪከርድ ክፍል ያለው ሰውዬ "አንቺ ልጅ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት በኢሜይል አይሄድም፣ ተቋሙ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ይጠይቀን" አለኝ። ጋሼ፣ አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ለናንተ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ትራንስክሪፕቱ የሚጫንበት ሊንክ የሚላከው ለዳይሬክተሯ ኢሜይል ነው፣ ብዬ ብለምነው "መመሪያው አይፈቅድም" ነው መልሱ። የትኛው መመሪያ እንደሆነ አሳየኝ ብትሉ የለም። ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የማመልከቻ ክፍያ ነጻ የሚደረግላችሁ ደሞ ትምህርት ቤቱ አቅም እንደሌላችሁ ሲያረጋግጥ ነው፣ እሱም እዛው ጠረጴዛ ላይ ቆመ።

መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሯ ራሷ ጣልቃ ገብታ ተላከ፣ እግዜር ይስጣት። ከዛ አንዱ ኮሌጅ ኢሜይል ላከ፦ በ2014 ከጨረስሽ እስከዛሬ ምን ስትሰሪ ነበር? ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ዓመት በሙሉ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ዓ.ም. የሚል እንኳን አልተጻፈበትም፣ አንባቢው ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጥኩ ነው የመሰለው። አንድ መስመር ማብራሪያ ይጻፍልኝ ብዬ ስመለስ ሰውዬው "ትምህርት ቤቱ የሚሰራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ደረጃዬም በሴክሽን ነው የተጻፈው፣ ፎርሙ የሚጠይቀው ደሞ ከጠቅላላው ባች ነው። አቬሬጄም 88 ነበር፣ እኛ ጋ 88 ይዞ አንደኛ መውጣት ብርቅ አይደለም፣ እዛ ግን መካከለኛ ተማሪ ያስመስላል።

ስለዚ ይሄን ሳታደርጉ ምንም አታመልክቱ፦ ከዳይሬክተራችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የትምህርት ቤቱን ፕሮፋይል ጻፉ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ከ90 በላይ ያለው ስንት እንደሆነ፣ ደረጃ በምን እንደሚሰላ፣ ዓመቱ በፈረንጅ ስንት እንደሆነ። የአገር አቀፍ ፈተናውንም አስገቡ፣ በኔ ባች 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ይሄን ያላወቀ ሰው ከ700 ያመጣችሁትን ነጥብ በምን ይመዝነዋል? ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣልኝ ወዲያው ከማብራሪያው ጋር ለሁሉም ላክሁት፣ የተቀበለኝ ኮሌጅ ደብዳቤ ላይ ይሄን ውጤት ጠቅሶታል።

ሪች፣ ማች፣ ሴፍቲ (የሚከብድ፣ የሚመጥን፣ መግባታችሁ እርግጥ የሆነ) ብላችሁ ሊስት ስሩ የሚለውን ምክር ተዉት፣ ሙሉ እርዳታ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ ሴፍቲ የሚባል ኮሌጅ የለም። ሴፍቲያችሁ አገር ውስጥ ያለው ምደባ ነው፣ ለሱ በደንብ አጥኑ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (እርዳታ ለመጠየቅ የቤተሰብ ገቢ የሚሞላበት ፎርም) በዶላር ካርድ ነው የሚከፈለው፣ ካርድ ከሌላችሁ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ክፍያውን ነጻ የሚያደርግ ኮድ ስጡን ወይም በነጻ የሚሞላውን ፎርም ላኩልን ብላችሁ ጻፉ፣ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። ሪከርድ ክፍል ደሞ መስከረም ላይ ሂዱ፣ ብቻችሁን ሳይሆን ወላጅ ይዛችሁ።